ያንቺ ነው በያቸው

ባልየው ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የማርማላታ ጠርሙስ ከስፌት መኪናዋ ጎን አስቀመጠና «ያንቺ ነው በያቸው» አላት። ሴትዮዋ ለደንበኛ የምታደርሰውን መጋረጃ ጠርዝ እያጠፈች ስለነበር መጀመሪያ አልገባትም። ጠርሙሱን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። እሱ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ የሥራ ጫማውን ክር ይስብ ነበርና ዓይኑን ማግኘት አልቻለችም። ክሩን አሰረው፣ ፈታው፣ እንደገና አሰረው። እዚያው እንዳጎነበሰ፣ ለጫማው የሚነግረው ይመስል፣ ነገሩን አስረዳት። ጤና ጣቢያ እሷን ያውቋታል፣ ካርድ አላት፣ መመላለሱንም ለምዳዋለች። ሽንቴ ነው ብላ ትስጣቸው፣ መርምረው የሚሏትን ትስማ፣ ኪኒኑን ተቀብላ ትምጣ፤ መዋጡን እሱ ይውጠዋል። «መድኃኒት እንደሆነ የወንድ የሴት ተብሎ አይመረት» አለ በመጨረሻ፣ በገዛ ብልሃቱ ትንሽ ደስ ብሎት።

የውስጥ ሱሪው ላይ ደም መጀመሪያ ካየች ሁለት ወር አልፏታል። የቤቱን ልብስ የምታጥበው እሷ ናትና ሊደበቃት አይችልም ነበር። ያኔ ስትጠይቀው ቀይ ሥር በልቼ ነው አላት። ቀይ ሥር ቤታቸው ከገባ ወር ሆኖት ነበር። በሳምንቱ ስትደግምለት ብረት ሲሸከም ወገቡ ተቀጭቶ ነው አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሳበት ግን ፊቱ ቅጭም አለና፣ ሽንት ቤት ደጃፍ ቆመሽ ነው የምትጠብቂኝ ብሎ ሁለት ቀን አኮረፋት። ያምሃል ወይ ስትለው አያመኝም ይላል። የማያመውን ነገር ሕመም ብሎ መጥራት ለሱ ቅንጦት ነው። የብረት በርና መስኮት በሚሠራበት ቤት በያጅ ነው። ሁለት ሰው የሚያነሳውን የበር ፍሬም ብቻውን ብድግ ስለሚያደርግ ጓደኞቹ «ክሬኑ» ይሉታል፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆኖትም ስሙን አላወረደም። ክሬኑ ታመመ የሚል ወሬ እዚያ ቤት ከገባ፣ አለቃው ቀለም ቀቢዎቹ ጋ እንደሚያዛውረው ያውቃል። ፈራሁ አይልም እንጂ የሚፈራው ይህንን ነው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ ክፍል ቀን የሷ ሥራ ቤት፣ ከሥራ በኋላ የሁሉም ሳሎን ናት። አንዱን ጥግ ከደንበኞች በተራረፈ ጨርቅ የተሰፋ መጋረጃ ይለየዋል፤ ሩቡ አበባ፣ ሩቡ መስመር፣ የቀረው ወፍ ነው። ከሱ ጀርባ አማቷ ይተኛሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን እንደ ወጣት ጆሮ የሆነ እናት ናቸው። ያን ዕለት ባልየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢያወራም፣ ጠዋት ጠዋት የማይቀረው የአማቷ ሳል በመሃል ቀጥ አለ። ባልየው ኮፍያውን ደፍቶ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ።

አላደርገውም ብላ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ጨርቁን ወደ ጎን ገፍታ፣ ጠርሙሱን ሽንት ቤት ልትደፋው ብድግ አለች። ከዚያ ቆመች። ሁለት ወር ሙሉ ሲክደው የከረመውን ነገር ዛሬ በገዛ እጁ ሞልቶ ማምጣቱ ለሱ ስንት ተራራ መውጣት እንደሆነ ታውቃለች። ብትደፋው ሁለተኛ አይሞላውም። ጠርሙሱን ከጋዜጣው አውጥታ በፕላስቲክ ጠቀለለችው፣ በቦርሳዋ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ ለመጋረጃው ባለቤት ደውላ ነገ ጠዋት አደርሳለሁ አለቻት፤ ደንበኛዋም ሁሌ ነገ ናችሁ ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

በታክሲው ውስጥ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ እግሯ ያውቀዋል። ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ ለትኩሳታቸው፣ ካደጉና ከቤት ከወጡ በኋላ ለአማቷ የደም ግፊት፣ አንድ ጊዜም ለጎረቤት ልጅ የተሰበረ ክንድ ተመላልሳለች። ባለፈው ዓመት ግን የምትሄደው ለራሷ ሆነ። ከቀኝ የጎን አጥንቷ ሥር አንድ ነገር ይይዛታል፤ ከበላች በኋላ ይጀምርና ወደ ጀርባዋ ዞሮ ትከሻዋ ድረስ ይወጣል። ሲይዛት የስፌት መኪናውን ጠርዝ ጨብጣ ትንፋሿን እየቆጠረች ታሳልፈዋለች። አምስት ጊዜ ሄዳ አምስት ጊዜ የጨጓራ ኪኒን ተሰጥቷታል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጭንቀት ቀንሺ ተባለች፤ አራተኛው ላይ ልጆችሽ ከቤት ስለወጡ ብቸኝነት ተሰምቶሽ ይሆናል ተባለች። ባሏ ስለዚህ ሲሰማ «አንቺ እኮ ሐኪም ቤት ትወጃለሽ» ይላል። የሚወደድ ቦታ ይመስል።

ጤና ጣቢያው እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። ኮሪደሩ ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሴት ነው ማለት ይቻላል፤ ልጅ ያዘለች፣ እናቷን የደገፈች፣ የባሏን የምርመራ ወረቀት ይዛ የመጣች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ገና ከሩቅ ስታያት ቁጥሯን ሳትጠይቅ ካርዷን መዘዘችላት። እዚያው የሽንት ምርመራ አስጽፋ ዋጋውን ከፈለች፤ ጠርሙሱን ለላቦራቶሪው መስኮት ስታቀብል ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ባለሙያው ግን ቀና ብሎም አላያትም፤ ቀዳው፣ ቁጥር ለጠፈበት፣ ውጤቱ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል አላት። ሁለት ሰዓት ጠበቀች።

ሐኪሙ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ፂሙን በጥንቃቄ ያሳመረ፣ ትሑት የሚመስል ልጅ ነው። ባለፈውም ያያት እሱ ነበር። ወረቀቱን እያነበበ ቅንድቡን ትንሽ አነሳ። ደም አለው፣ ብዙ ነው አላት። ስትሸኚ ያቃጥልሻል ወይ አላት፤ አያቃጥልም አለች። ወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው አላት። ሰባት ወር እንደሆነው ነገረችው። እንግዲህ ተገኘ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ዕድሜ ወር አበባ ይዛባል፣ ከሱ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው እያለ መጻፍ ጀመረ።

«ከባድ ነገር ሊሆን አይችልም?» አለችው።

«ብዙ ትጨነቂያለሽ» አላት፣ ካርዷን ወደ ኋላ እየገለጠ። «ባለፈውም ጎኔን ብለሽ መጥተሽ ነበር አይደል? የሰባት ቀን ኪኒን ነው፤ ውሃ በደንብ ጠጪ።»

ወጣች። በጠቅላላው አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ላይ ስትቆም ልቧ ረጋ ብሎ ነበር። የተለመደ ነው፣ የሰባት ቀን ኪኒን ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ የተሸከመችው ጭንቀት በአንድ ቁራጭ ወረቀት አለቀ። ከፊቷ ያሉት ሦስት ሰዎች እስኪስተናገዱ ድረስ ደስታዋ እየሳሳ ሄደ። ሴቶች ላይ የተለመደ ነው ነው ያላት። ደሙ ግን የሴት አይደለም። ሐኪሙ የመለሰላት ስለሷ ነው፤ ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ጭንቀቷ። ስለ ጠርሙሱ ባለቤት ማንም ምንም አልተናገረም። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው እጁን ሲዘረጋ ወረቀቱን አጥፋ መዳፏ ውስጥ ጨመቀችና ወደ ኋላ ተመለሰች።

ሐኪሙ ሌላ ታካሚ እስኪሸኝ በር ላይ ቆማ፣ ገብታ እውነቱን ነገረችው። መጀመሪያ ተቆጣ። ይህ ጨዋታ አይደለም፣ በሌላ ሰው ሽንት መድኃኒት ማዘዝ ሰው ይገድላል፣ እኔንም ያስጠይቀኛል አላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ቁጣው ሲበርድለት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና አዲስ ወረቀት አወጣ። ዕድሜያቸው ስንት ነው አላት። ሃምሳ ሦስት። ሲጋራ ያጨሳሉ? ካወቀችው ጀምሮ። ሥራቸው ምንድን ነው? በያጅ። ቀለምና ጭስ ባለበት ነው የሚውሉት? አዎ። ሲሸኑ ያማቸዋል? አያመውም አለችው።

«ምንም?»

«ምንም።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። በዚያ ዕድሜ ያለ፣ ለዓመታት ያጨሰ ወንድ ያለ ሕመም ደም ከሸና ለነገ የሚባል ጉዳይ እንዳልሆነ ነገራት። ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ግን ፊኛቸው በመሣሪያ መታየት አለበት። እዚህ አይሠራም፤ እሱ መርምሮ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይጽፍላቸዋል። ዛሬውኑ ይምጡ አላት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ።

ደነገጠች፤ ከድንጋጤው ሥር ግን ሌላ ነገር እየፈላ ነበር። ጠርሙሱ ያው ነው፣ ደሙ ያው ነው፣ ወረቀቱም ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። ታጨሻለሽ ወይ፣ የት ትሠሪያለሽ ብሎ አንዱንም እሷን አልጠየቃትም ነበር። አይቶት ለማያውቀው በያጅ «እሳቸው» ይላል፤ ደጋግሞ የሚያያትን፣ ልትወልደው የምትችለዋን ሴት ግን «አንቺ»።

«የኔ ነው ባልኩዎት ጊዜ የሰባት ቀን ኪኒን ነበር» አለችው።

ሐኪሙ አልተቆጣም። በትዕግሥት፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ አስረዳት፤ ሴቶች ላይ ኢንፌክሽን ይበዛል፣ ከሚበዛው ነው የሚጀመረው። ምናልባት ልክ ነው። ለመከራከር የሚሆን ትምህርት የላትም። ግን ከሚበዛው ጀምሮ እዚያው የሚያቆም ሰው ልክ ሊሆን አይችልም ብላ አሰበች፤ አሰበችው እንጂ አላለችውም፤ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር።

ወደ ባሏ ሥራ ቤት በእግሯ ሄደች። ከጎኗ ሥር የሚይዛት ነገር ጠዋት በባዶ ሆዷ የጠጣችውን ሻይ ሰበብ አድርጎ መጥቶ ነበር፤ አንድ የስልክ እንጨት ተደግፋ አሳለፈችው። የሥራ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ የብረት መቁረጫው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። አምስት ስድስት ወንዶች በብናኝ ተሸፍነው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንደኛው አይቷት በፉጨት ባሏን ጠራውና «ክሬኑ፣ የቤት ቁጥጥር መጥቶብሃል» አለ፤ ሳቁ። ባሏም እየሳቀ፣ የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። ኪኒኑስ አላት በሹክሹክታ። ኪኒን እንደሌለ፣ እውነቱን እንደተናገረች፣ ዛሬውኑ መሄድ እንዳለበት ባጭሩ ነገረችው። ዕጢ የሚለውን ቃል ግን አፏ አላወጣውም፤ ከባድ ሊሆን ይችላል ብቻ አለች።

«የባሌ ነው አልሻቸው?» አለ። የሰማው ይህንኑ ብቻ ነበር። «ስሜን ጠራሽው?»

ስሙን እንዳልጠራች፣ ቢጠራስ ምን እንደሆነ ልትነግረው ጀመረች። በትከሻው ላይ ወደ ኋላ እያየ አቋረጣት። አንድ ነገር ለመንኩሽ፣ አንድ ነገር፤ እሱንም ጉድ አደረግሽው አላት። ቅዳሜ እሄዳለሁ አለ። የቱ ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገረም። ያ ልጅ እግር ሐኪምሽ ሱሪዬን አስወልቆ ሊጫወትብኝ ነው እንዴ ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ አልሳቀችለትም። ዛሬ ነው የተባለው አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ያን ጊዜ የአንዱ ሰው እጅ መቁረጫው ላይ ቆመ፤ ሥራ ቤቱ ፀጥ አለ። ባሏ ወንዶቹን አየ፣ እሷን አየ። ጭንብሉን አውርዶ ወደ በሩ ፍሬም ተመለሰና እሳቱን ለኮሰው። ብየዳ ሲበየድ ማንም ሊያየው አይችልም፤ ዓይን ያጠፋል። ፊቷን አዙራ ቆመች። ሲያጠፋው ልታናግረው ጠበቀች፤ አላጠፋውም። የበረደውን ብረት ሳይቀር እየደጋገመ በየደው። ወጣች።

ቤት ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። አማቷ ከመጋረጃቸው ወጥተው በሷ ወንበር፣ በስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠው ነበር። ምሳ እንዲበሉ ሾርባ አሙቃ አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም። እሷም ስላልበላች ሁለቱም ሾርባውን እያዩ ተቀመጡ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ስለ ልጃቸው ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ እሳቸውም ስለሷ። ሰላም ያሰነበታቸው ይህ ነው። ዛሬ ግን አላስቻላትም። እማማ፣ ልጅዎ ሊሞት ነው መሰለኝ፣ እሱ ደግሞ ቅዳሜ ይላል አለች። ይቆጡኛል፣ ልጄን አታሟርቺበት ይሉኛል ብላ ጠበቀች።

«እኔም አጥቤዋለሁ» አሉ አማቷ።

«ምኑን?»

«ደሙን። የአባቱን።»

ከዚያ ሾርባው ላይ ስስ ቆዳ እስኪሠራ ድረስ ተናገሩ። ባላቸው፣ የልጃቸው አባት፣ እንዲሁ ያለ ሕመም ነው የጀመረው። ለልጆቹ እንኳ እንዳትነግሪ አለኝ አሉ። ዓመት ሙሉ ገና ጎሕ ሳይቀድ እየተነሱ አጠቡ፤ ገመድ ላይ ያሰጡት ልብስ ላይ ጎረቤት ዓይኑን እንዳይጥል። ዝምታቸው ለባላቸው ክብር ነበር፤ እንደዚያ ነበር የሚመስላቸው። በመጨረሻ በአልጋ ተሸክመው ሆስፒታል ሲያደርሱት ሐኪሙ ወደ እሳቸው ዞር ብሎ፣ «እርስዎ የት ነበሩ?» አላቸው። እሱን አልጠየቀውም። እስከ ዛሬ መልሱን ያስባሉ። ልጆቹ አባታችን በድንገት ነው የሞተው ብለው ያምናሉ፤ ማንም አልነገራቸውም። ይህን ሲሉ አላለቀሱም። እጃቸውን ያላለቀው መጋረጃ ላይ አድርገው የታጠፈውን ጠርዝ በጣታቸው ይከተሉ ነበር። ከዚያ ስልኩን አምጪው አሏት።

ምን ሊሉት እንደሆነ አልነገሯትም። ልጃቸው ሲያነሳ ድምፃቸውን ሰበር አድርገው፣ ደረቴን ያዘኝ፣ ቶሎ ድረስልኝ አሉና ዘጉት። አሮጊቷ ሻርፓቸውን ደርበው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ አልጋቸው ላይ በጎናቸው ጋደም አሉ።

ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። በሥራ ቤቱ ፒክአፕ መጥቶ፣ የቆዳ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ፣ በሩን ገንጥሎት ሊገባ ምንም አልቀረውም። ወዛም ፊቱ አመድ መስሏል። እናቱን እንደ እንቁላል አንስቶ አቀፋቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው አላት ሚስቱን፤ ከምሳ በኋላ ጀምሮ መሰለኝ አለችው፣ ሌላ የምትለው አጥታ።

«እና እስካሁን ምን ትሠሪያለሽ? እንዲህ ያለ ነገር ይጠበቃል እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

አንድ ቃል ወደ አፏ መጣ፤ አማቷ ግን በልጃቸው ትከሻ ላይ አጮልቀው አዩዋት፣ ዋጠችው። በመኪናው ውስጥም ሲወርድባት ቆየ፤ ሐኪም ቤት ቀልድ አይደለም፣ በሽታ ጊዜ አይሰጥም፣ ሰው ለሰው ማሰብ አለበት። ሁሉም ልክ ነበር። እንዲህ አስተካክሎ የሚያውቀውን ነገር ለራሱ ሲሆን የት እንደሚያስቀምጠው እያሰበች በመስኮቱ ታያለች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ገና ሰው አልጎደለበትም ነበር፤ አሥር ሰዓት ሆኗል። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ሰውን በክንዱ እየከፈለ እናቱን አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸውና ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ድንገተኛ ነው፣ እናቴ ናት፣ ደረቷን ይዟታል፣ ወረፋ የሚባል ነገር አልሰማም እያለ። ልጅቷ ተደናግጣ ስማቸውን ስትጠይቅ፣ አሮጊቷ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

«የሱን ስም ጻፊ» አሉ። «ታማሚው እሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ፤ ኮሪደሩን ዞሮ አየው። ከሴቶቹ መሃል ያሉት ወንዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጣቱ ተቆርጦ በጨርቅ የጠቀለለ ሠራተኛ፣ አንዱ በልጁ የሚመራ ዓይነ ስውር ሽማግሌ። ሁሉም ያዩታል። ሚስቱን ያያት አስተያየት ለሌላ ሃያ ስድስት ዓመት የሚበቃ ኩርፊያ ነበረበት። ወደ በሩ ዞረ። እናቱ አልጮኹም። ሽርጡን በሁለት ጣታቸው ብቻ ያዙት። የበር ፍሬም ብቻውን የሚያነሳው ሰው ከሁለቱ ጣቶች ማለፍ አቃተው።

«አባትህን በዝምታ ነው የቀበርኩት» አሉት፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ደም እየሸና። ላንተ ዝም አልልም።»

ምን እንዳሰበ ሚስቱ አላወቀችም። ዓይኑ እናቱ ፊት ላይ ቆይቶ ወደ ወለሉ ወረደ። አግዳሚው ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ደብቆ፣ ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። ሲጠራ ተነስቶ እናቱንም ሚስቱንም ሳያይ ገባ።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። በሩ ሲከፈት ሐኪሙ ራሱ እስከ ደጃፉ ሸኘው፤ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ። ባሏ በእጁ ለትልቁ ሆስፒታል የተጻፈ ወረቀት ይዟል፤ ነገ ጠዋት እንዲገባ። ሐኪሙ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ጎበዝ ነዎት፤ ወንዶች ሁሉ እንደ እርስዎ በጊዜ ቢመጡ ስንቱን እናድን ነበር» አለው። ባሏ አንገቱን ቀና አደረገ። አዎ፣ ቸል ማለት አያስፈልግም ብሎ መለሰ፤ ሴትዮዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሐኪሙ ወደ ውስጥ ጠራት። ባሏ ነገ እንዳይቀር፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዳያጨስ፣ ውጤቱን ይዞ በሳምንቱ እንዲመለስ፣ ይህን ሁሉ እሷ እንድትከታተል ነገራት። አንድ በአንድ እየዘረዘረ፣ ገባሽ አይደል እያለ። ገባኝ አለች። ባልሽ ጠንካራ ናቸው፣ እንዳይሰጉ አበርቺያቸው አላት። እሺ አለች።

ከዚያ ነጩን ካፖርት ማውለቅ ጀመረ። አንዱን እጅጌ እንዳወጣ አሁንም እንደቆመች አየ።

«ሌላ ነገር አለ?»

«የኔስ?» አለችው። «ከጎኔ ሥር ያለው።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ለዛሬ በቂ ነው፣ አንቺም ደክሞሻል፣ ሌላ ቀን ተረጋግተሽ ነይ፤ እስከዚያ የጨጓራውን ኪኒን ቀጥይ አላት። ክፉ አይደለም፤ ፈገግም ብሎላታል። ፈገግታው ነው የባሰባት። አምስት ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አምስት ጊዜ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆነው አናግረዋት፣ ጽፈውላት ሸኝተዋታል። ከግድግዳው ጋር የተጠጋው፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰው የመመርመሪያ አልጋ ዛሬ ባሏ ተኝቶበት ገና መጨማደዱ አልጠፋም፤ እሷን አንድ ቀን ውጪበት ያላት ሰው የለም።

ጫማዋን አወለቀች። ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠቻቸው፤ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች፤ ደረጃዋን ረግጣ አልጋው ላይ ወጣችና በጀርባዋ ተኛች። ሐኪሙ አንዱን እጅጌ እንዳወለቀ ደርቆ ቀረ። ምን እየሠራሽ ነው አላት። ጣሪያውን ታያለች። በሩ ተንኳኳ፤ ባሏ ነው፤ መኪናውን አስረክብ እያሉኝ ነው፣ እንሂድ እንጂ አለ። ከኮሪደሩ የአማቷ ድምፅ ተሰማ፤ «ቁጭ በል፤ አልጨረሰችም» አሉት። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች።

ሐኪሙ አንዴ በሩን፣ አንዴ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ተንፍሶ ካፖርቱን መልሶ ለበሰ፣ እጁን ታጠበ፣ አጠገቧ መጣ። ቀዝቃዛ ጣቶቹን ከቀኝ የጎን አጥንቷ ሥር አሳረፈና ተጫነ። በጥልቀት ተንፍሺ አላት። ስትተነፍስ ሕመሙ እንደ ሚስማር ገባ፤ ትንፋሿ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠች። እጁን ሳያነሳ ፊቷን አየ። ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ቀለል አድርጎ እንደገና ነካው፤ እንደገና ትንፋሿ ተቆረጠ።

«እዚህ ጋ ነው?» አላት፣ ድምፁ ተለውጦ። «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካርዱ ላይ አለ» አለች። «አምስት ጊዜ።»